ጥቆማ፦ ለንደን ውስጥ ያገለገለ ጃጓር የትኛው ይሻላል?

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜና እሁድ የምነዳው ያገለገለ ጃጓር እየፈለግኩ ነው። አንድ ኤክስ ታይፕ ናፍጣ በርካሽ አግኝቻለሁ። የምታውቁ ጠቁሙኝ።

— ወንድሜ፣ ናፍጣውን ተወው። ዩሌዝ (አየር የሚበክሉ መኪኖች የሚከፍሉበት የለንደን ቀጠና) ከኦገስት 2023 ጀምሮ መላ ለንደንን አዳርሷል፤ ዩሮ 6 የሚባለውን የጭስ ደረጃ የማያሟላ ናፍጣ በነዳህ ቁጥር በቀን 12.50 ፓውንድ ነው። ኤክስ ታይፕ ደግሞ ከስሩ ፎርድ ሞንዴዮ ነው፣ ዝገትም ይወዳል።

የኔ ምርጫ ከ2003 እስከ 2009 የተሠራው ኤክስጄ፣ ቤንዚኑ። 3.0 ቪ6 (ባለ 6 ሲሊንደሩ) ሞተር ይበቃሃል፤ 4.2ቱ ቪ8 ደስ ይላል ግን ጠጪ ነው። ቦዲው አሉሚኒየም ነው። አይዝግም ብለህ ግን አትዘናጋ፣ ከብረት ጋር በሚነካካበት ቦታ ቀለሙን ያስነሳዋል። የበሩን ታችኛ ጠርዝና ፓራፋንጎውን በጣትህ ዳስስ።

ዋናው አሞርዛተሩ ነው፤ በአየር ነው የሚሠራው። አየር የሚያስወጣ ከሆነ አድሮ አንድ ጥጉ ዝቅ ይላል፣ ሲነሳ ደግሞ ተነፍቶ ይስተካከላል። ስለዚህ ጠዋት ሳይነሳ ድረስበት። አንዱ ሻጭ ጋ ስደርስ መኪናው ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ፤ ኮፈኑን ስነካው ይፋጃል፣ ለካ ቀድሞ አስነስቶታል። አመስግኜ ተመለስኩ።

— ጋሼ፣ አሮጌው ኤክስጄ6ስ? ለኔ ጃጓር ማለት እሱ ነው።

— አልከራከርህም። ውስጡ ያለው ኤክስኬ የሚባለው ሞተር ታሪክ ራሱ ያስገዛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጃጓር መሥራች ዊልያም ላየንስና መሐንዲሶቹ ኮቨንትሪ ፋብሪካው ላይ ቦምብ እሳት እንዳያስነሳ ሌሊት ተራ ሲጠብቁ ያወጡት ንድፍ ነው። በ1948 ኤክስኬ 120 የተባለው ስፖርት መኪና ላይ ታየ፣ በ1950ዎቹ «ለ ማን» በሚባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር 5 ጊዜ አሸነፈ፣ እስከ 1992 ድረስም ሲመረት ኖረ። በዚያ ላይ 40 ዓመት የሞላውና በታሪካዊ መኪናነት የተመዘገበው ዩሌዝ አይከፍልም። ነገር ግን ብረት ነው፤ የለንደን ዝናብ ይበላዋል። ደረቅ ጋራዥ ከሌለህ አትግዛው። ናፍቆትህን ለመወጣት ጌይደን ያለው የመኪና ሙዚየም ሄደህ ማየት ይበቃል።

— ኋላ አዲስ አበባ ልላከው ብልስ?

— ከ2024 ወዲህ ኢትዮጵያ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች። የጃጓር ኤሌክትሪኩ አይፔስ ነው፤ ያውም የሚገጣጠመው ኦስትሪያ፣ ግራዝ ነበር። ግን የዚህ አገሩ መሪ በቀኝ ነው፣ ምን ያደርግልሃል?

— እሺ፣ ናፍጣውን ተውኩት። ነገ ጠዋት ክሮይደን አንድ ኤክስጄ ላይ ልሄድ ነው።

— ታርጋውን ቲኤፍኤል (የለንደን ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ ላይ አስገብተህ ዩሌዙን አጣራ። ሻጩንም ዛሬውኑ ደውለህ እኔ ሳልመጣ ሞተር እንዳታስነሳ በለው።