ውሻውም እናቴም የሚሆናቸው ባህር ዳርቻ፣ ዌልስ
ሰላም ሰዎች፣ ለሜይ ሃፍ ተርም (በሜይ መጨረሻ ያለው የትምህርት ቤት እረፍት) ፔምብሮክ ከተማ አጠገብ ገጠር ውስጥ ኮቴጅ ይዘናል፣ ራሳችን እያበሰልን የምንቆይበት፣ ውሻ ይፈቀዳል ስላሉ ነው የመረጥነው። ከከፈልን በኋላ የላኩት ደንብ ግን ውሻውን ብቻውን ቤት ውስጥ ለአንድ ሰዓትም መተው አይቻልም ይላል። ኬጁ ውስጥ እናስገባዋለን ብላቸው እምቢ አሉ፣ የውሻ መዋያ ብደውል ደግሞ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ከውሻ ጋር ብቻዬን አልቀርም ብላለች (ሶፋ ላይ ሲወጣ ካየችው ጀምሮ ኩርፊያ ላይ ናት)።

ስለዚህ የትም ብንሄድ ሁላችንም አብረን ነን። ልጆቹ የሚፈልጉት ቴንቢ የምትባለውን የባህር ዳርቻ ከተማ ነው፣ እዚያ ያለው ኖርዝ ቢች የሚባለው ባህር ዳርቻ ግን ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ውሻ አይገባም። ባራፋንድል የሚባለው ባህር ዳርቻ ላይ ውሻ ዓመቱን ሙሉ ይፈቀዳል፣ ግን ከስታክፖል ኪ መኪና ማቆሚያ ግማሽ ማይል ያህል በእግር ነው፣ መጨረሻው ደግሞ ደረጃ፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት አትችለውም።

ከፔምብሮክ በመኪና ቅርብ የሆነ፣ በሜይ መጨረሻ ውሻ የሚፈቀድበትና መኪና አሸዋው አጠገብ የሚቆምበት ባህር ዳርቻ የምታውቁ አላችሁ?