አዳማ ላይ በሸሚዝ ሥር የሚያዝ ትንሽ ሽጉጥ፦ የትኛው ይሻለኛል?

ጅምላ_አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ።

አዳማ ውስጥ እህል በጅምላ እሸጣለሁ። መጋዘን የምዘጋው ማታ ነው፤ የጭነት መኪና ከዘገየ እስከ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ እቆያለሁ። ከዚያ ወደ ቤት በባጃጅ ወይ በእግር ነው። በቅርቡ አንድ የጎረቤት ነጋዴ መንገድ ላይ ጠብቀው ደብድበው የያዘውን ሁሉ ወሰዱበት። ነፍሱ ተርፋለች፤ ግን ከዚያ ወዲህ እኔም ባለቤቴም እንቅልፍ የለንም።

የሽጉጥ ፈቃድ ጠይቄ ሂደት ላይ ነኝ። ያለ ፈቃድ አልነካም፤ ስለዚህ ከየት ልግዛ አይደለም ጥያቄዬ። የትኛው ነው የሚሻለኝ? አጎቴ ማካሮቭ ይላል። አንዱ ጓደኛዬ ስታር ይለኛል። ሌላው ደግሞ ግሎክ 19 ካልሆነ ባትይዝ ይሻላል ባይ ነው። እኔ ቀጭን ሰው ነኝ። ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ ጃኬት ለብሶ መዋል አይታሰብም፣ ከላይ ሸሚዝ ብቻ ነው የምለብሰው። እንዳይታይ፣ ስቀመጥ እንዳይቆረቁረኝ፣ የቁርጥ ቀን ሲመጣ ደግሞ እንዳይከዳኝ እፈልጋለሁ። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ ገና አራት ዓመቱ ነው።

የምታውቁ እስቲ በግልጽ ንገሩኝ።

የድሮው_ሃምሳ_አለቃ

ወንድሜ፣ ጎረቤትህ እንኳን ተረፈ። እኔ ብዙ ዘመን ከመሣሪያ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ማካሮቭ የሶቪየት ሥራ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. ነው ለሠራዊታቸው የተመረጠው። እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ ፈትቶ የሚያጸዳልህና የሚያሳይህ ሰው አታጣም። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ገደማ፣ ባዶውን 730 ግራም፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። አሠራሩ ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ብዙ ነገር የለውም። ችግሩ ሙሉ ብረት መሆኑ ነው። ቀበቶ ይጎትታል። የአዳማ ላብ ደግሞ ብረት ይበላል፤ ማታ ማታ በደረቅ ጨርቅ ጠርገህ ስስ ዘይት ካላስነካኸው ዝገት ነጠብ ነጠብ እያለ ይወጣበታል። አቧራውም አለ፤ ዘይት ሲበዛ አቧራ ይይዛል፣ ስለዚህ ስስ ነው ያልኩህ።

ጥይቱን ልብ በል። የማካሮቭ 9 በ18 ነው፣ የግሎክ 9 በ19 ነው። ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊ ስለሚባሉ ሰው ይቀላቅላቸዋል። አይገናኙም። የማካሮቩ አረር እንዲያውም ትንሽ ወፈር ይላል።

ሴፍቲው ከላይኛው ብረት ግራ ጎን፣ በስተኋላ ያለችው ምላስ ናት። ወደ ላይ ስትገፋት ይቆለፋል፤ ተነስቶ የቆየ መምቻ ካለም ሳይተኩስ ያወርደዋል። ወደ ታች ስትመልሳት ለተኩስ ዝግጁ ነው። ቤሬታ 92ን ብትይዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ወደ ታች ነው የሚቆለፈው። ዛሬ ይሄን ነገ ያንን የሚያቀያይር ሰው በጭንቅ ሰዓት እጁ ግራ ይጋባል። አንዱን ያዝና እሱን ልመድ።

ስታር ጥሩ ሽጉጥ ነበር። የስፔን ነው። ፋብሪካው ግን በ1997 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። አሁን የምታገኘው በብዙ እጅ ያለፈ ነው፤ የካዝናው ሞላ ደክሞ ሁለተኛው ጥይት ላይ የሚነክስ ስንት አይቻለሁ። ቶካሬቭም ቢያቀርቡልህ ይቅርብህ። የመጀመሪያው ሥሪት በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለውም፤ 7.62 በ25 ጥይቱም በጣም ፈጣን ስለሆነ ቆርቆሮና ጭቃ ግድግዳ በስቶ ጎረቤት ቤት ይገባል።

ለእኔ ማካሮቭ ይበቃሃል።

አጃቢው

ሃምሳ አለቃ፣ ያሉት በአብዛኛው ልክ ነው። ግን ለዚህ ልጅ ሁኔታ እኔ ማካሮቭን አልመርጥም።

እኔ በሥራዬ ምክንያት ሽጉጥ በሸሚዝ ሥር ይዤ የምውል ሰው ነኝ። ብዙ ሰው የሚያስበው የሽጉጥ አፈሙዝ ሲረዝም ይታያል ብሎ ነው። አፈሙዙማ ሱሪ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ያየዋል? የሚያጋልጥህ እጀታው ነው። ጎንበስ ስትል ከወገብህ ወጣ ብሎ ሸሚዙን ወጥሮ ይይዘዋል። አዳማ ላይ ደግሞ ነፋሱ አለ፤ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ እኮ ነው! ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ሸሚዝህን ሰውነትህ ላይ ይለጥፈዋል፣ ያኔ ኪስህ ውስጥ ያለው ቁልፍ ሳይቀር ይነበባል። ስለዚህ ሸሚዝህን አንድ ቁጥር ሰፋ አድርገህ፣ ጠቆር ያለ ወይም ቼክ ያለበት፣ ከሱሪ ውጭ አውጥተህ ልበስ። ነጭና ስስ ነገር እርሳው።

ግሎክ 19 ጥሩ ሽጉጥ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። 15 ጥይት ይይዛል፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ላይ ተፈትኗል። ነገር ግን ለቀጭን ሰው በሸሚዝ ብቻ ይከብዳል፣ ወፍራም ነው። ፈቃድ ሰጪው የሚፈቅድልህ ከሆነና በሕጋዊ መንገድ የምታገኘው ከሆነ ቀጫጭኖቹን እይ። ግሎክ 43 በ2015 የወጣ ነው፣ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው፣ 6 ጥይት ብቻ ይይዛል። ሲግ 365 ደግሞ በ2018 ወጣ፤ በቁመት ከግሎክ 43 ብዙም ሳይበልጥ 10 ይይዛል። ዋጋ የምትከፍልበት ነገር ግን አለው። ሽጉጥ ባነሰና በቀለለ ቁጥር ሲተኮስ እጅ ይመታል፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ትንሽ ስለሆነ ቀላል ነው ብለህ እንዳትገዛ።

ባጃጅ ውስጥ ስትቀመጥ ከሆድህ ፊት ያለው ይወጋሃል። ከቀኝ ዳሌህ ትንሽ ወደ ኋላ አድርገው። ማህደሩ ጠንካራ ይሁን፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ይሄን አጥብቄ ነው የምነግርህ፣ ምክንያቱም ግሎክ ላይ በእጅ የሚቆለፍ ሴፍቲ የለም፣ ቃታው ከተሳበ ይተኩሳል፣ የተሳበው በጣት ይሁን በሸሚዝ ጫፍ አይለይም። ያለ ማህደር ሱሪ ውስጥ ሸጎጥ ማድረግ የሚባለውን ነገር ተው። ቀበቶህም ወፍራም ቆዳ ይሁን፤ ስስ ቀበቶ ሽጉጡን ተሸክሞ አይቆምም።

የድሮው_ሃምሳ_አለቃ

አጃቢው፣ ስለ እጀታውና ስለ ነፋሱ ያልከው ትክክል ነው፣ አልከራከርህም። ሴፍቲ የሌለውን ግን ለጀማሪ እንዴት ትመክራለህ? አራት ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ነው። ማካሮቭ ቢያንስ ይቆለፋል፣ የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስም ቃታው ረጅምና ከባድ ነው፣ በነካ ነካ አይሄድም።

ወንድሜ፣ የትኛውንም ብትይዝ እስክትሠለጥን ድረስ ጥይት ያላጎረሰ ሽጉጥ ያዝ።

አጃቢው

እስክትሠለጥን ከሆነ ተስማማሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጥይት ሳያጎርሱ መያዝ ትርጉሙ አይገባኝም። ሰው አንድ እጅህን ይዞህ እያለ በየትኛው እጅህ ታቀባብላለህ?

ሕግ_ነክ

ስለ ሞዴሉ እነሱ ያውቃሉ። እኔ የማልፈውን ነገር ልናገር።

አሁን ያለው ሕግ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ተቆጣጣሪው ፌደራል ፖሊስ ነው። ሽጉጥ መርጦ ከዚያ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም ነገሩ፤ መጀመሪያ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚፈቀድልህና ከማን ማግኘት እንደምትችል እዚያው ጠይቅ። ከተፈቀደልህ ውስጥ ነው ምርጫው። ሰው "የቱርክ አዲስ ሽጉጥ አለ፣ በካርቶን ነው" ብሎ ሊያግባባህ ይመጣል። ኮንትሮባንድ ነው። ከተያዝክ እስር ነው፣ ራስህን ብትከላከልበት እንኳ ክሱ ከዚያ ይጀምራል። ከእነዚህ መካከል ደግሞ ለድምፅ ብቻ ተሠርቶ በኋላ የተቀየረ አለ፣ ያ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ሁለተኛ፣ መቼ ነው መተኮስ የምትችለው? በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 ላይ ሕጋዊ መከላከል አለ። ጥቃቱ ሕገ ወጥ መሆን አለበት። አሁን፣ ዓይንህ እያየ የሚደርስ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ልታመልጠው የማትችለው መሆን አለበት። የወሰድከውም እርምጃ ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ስልክህን ነጥቆ ጀርባውን ሰጥቶህ የሚሮጥ ልጅ ላይ ብትተኩስ ይሄ መከላከል አይደለም፣ አንተ ነህ ተከሳሹ። ልኩን ያለፈ መከላከል በአንቀጽ 79 ለብቻው ይታያል፤ ቅጣት ሊቀንስልህ ይችላል እንጂ እንዲሁ አይለቀቅም፣ ከባድ ድንጋጤ ውስጥ እንደነበርክ ፍርድ ቤቱ ካላመነ በስተቀር። ገንዘብ ካሉህ ስጣቸው። ሕይወትህን ሊወስዱ ሲመጡ ነው ሌላው።

የፈቃድ ወረቀቱ ሁልጊዜ አብሮህ ይሁን። ፍተሻ ላይ ስትደርስ እጅህን ወደ ወገብህ ሳትልክ መጀመሪያ በአፍህ ተናገር፦ "ፈቃድ አለኝ፣ መሣሪያ ይዣለሁ" በል። እጅ ወደ ወገብ ሲሄድ ያየ ወጣት ፖሊስ ምን እንደሚያስብ አስበው።

እማማ_ፍራንኮ

ልጄ፣ እኔ ስለ ሽጉጥ አላውቅም። ግን ሱቅ ይዤ የኖርኩ ሴት ነኝ፣ አዳማን አውቃታለሁ።

አንድ ነገር ጠይቁት እስቲ። ይሄ ልጅ ቀኑን ሙሉ ባንክ ይገባል፣ ይወጣል። ባንክ በር ላይ ፍተሻ አለ። ሆቴል ሻይ ለመጠጣት ስትገባ ፍተሻ አለ። መንግሥት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። ሽጉጡን የት ልታደርገው ነው? በር ላይ ለጥበቃው ልትሰጠው? ሁሉ ሰው እያየህ? ያን ቀን "እገሌ መሣሪያ ይይዛል" ተብሎ ወሬው ከተማውን ያዳርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣብህ ሌባ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሽጉጡንም ፈልጎ ነው የሚመጣው፣ ብቻውንም አይመጣም።

ደግሞ ለምንድን ነው ማታ ጥሬ ገንዘብ ይዘህ የምትሄደው? ቴሌብር አለ፣ የባንክ ዝውውር አለ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስልክ ላይ መቀበል ከጀመርኩ ቆየሁ። ባዶ እጅህን እንደምትሄድ ገበያው ካወቀ ማን ይጠብቅሃል? መጋዘኑን ቀደም ብለህ ዝጋ፣ መኪና ሲዘገይ የምታውቀውን አንድ ባጃጅ በስልክ ጥራ፣ በተለያየ መንገድ ሂድ።

ልጁ ነገር ሌሊት ያስጨንቀኛል። ትራስ ሥር የሚባል ነገር እንዳይኖር። ቁም ሣጥን ላይም ሕፃን ወንበር ይዞ ይወጣል።

ጅምላ_አዳማ

እማማ፣ የባንኩን ነገር አንድም ሰው አላነሳልኝም ነበር። እውነት ነው፣ ቀን ቀን ሁለት ሦስት ባንክ ነው የምዞረው። እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ የወሰንኩት ይሄን ነው። ከሰኞ ጀምሮ ለጅምላ ገዢዎቼ ጥሬ ገንዘብ ከሰዓት በኋላ አልቀበልም። ፈቃዱ ከወጣ ደግሞ ቀን አልይዘውም፤ መጋዘን ውስጥ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰር የብረት ሣጥን አሠራለሁ፣ እዚያ ተቆልፎ ይውላል፣ ማታ ሳመሽ ብቻ ይዤው እሄዳለሁ። እንደዚህ ከሆነ እንግዲህ ቀጭኑ የግድ ላያስፈልገኝ ነው፣ ቀን ካልያዝኩት ማካሮቭም ይሆነኛል ማለት ነው?

ቤት ስደርስስ እንዴት ባወርደው ይሻላል? ጥይቱን አውጥቶ ማስቀመጥ ላይ ቅደም ተከተሉን አልሰማሁም።

አጃቢው

ለማታ ብቻ ከሆነ አዎ፣ ማካሮቭ ይሆንሃል። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ሹራብም ደረብ ታደርጋለህ፣ ብዙም አይታይም። እኔ ቀኑን ሙሉ ትይዘዋለህ ብዬ ነበር ያሰብኩት። ሣጥኑን ግን ሲያስገቡት ሠራተኞችህ አይዩ።

የድሮው_ሃምሳ_አለቃ

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎ።

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ ማንም ሰው ፊት ሳይሆን ብቻህን አድርገው። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበትና ጠንካራ ነገር ወዳለበት አቅጣጫ ይዘህ፣ ጣትህን ከቃታው አውጥተህ ቀጥ አድርገህ ጀምር። መጀመሪያ ካዝናውን አውጣ። ማካሮቭ ላይ መያዣው እጀታው ታች፣ ከኋላ በኩል ነው፤ ወደ ኋላ ገፋ ስታደርገው ካዝናው ይወጣል። ካዝናው ወጥቶ ኪስህ ከገባ በኋላ ነው ሴፍቲውን ወደ ታች አውርደህ የላይኛውን ብረት የምትስበው፤ ማካሮቭ ሴፍቲ ላይ እያለ አይሳብም። ሲሳብ ያጎረሰው ጥይት ካለ ዘሎ ይወጣል። ይሄን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም ካዝናው ገብቶ እያለ የሳበ፣ አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን መልሶ ያጎርሳል፣ ባዶ ነው ብሎ ደግሞ ቃታ ይስባል። አደጋ የሚመጣው እንዲህ ነው። ብረቱን እንደሳብክ ያዝና ከላይ በተከፈተው በኩል ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ ውስጥ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህ እይ፤ በአፈሙዙ በኩል አትይ። ጨለማ ከሆነ በዚያው በተከፈተው በኩል ትንሿን ጣትህን አስገብተህ ዳስስ። ከዚያ ልቀቀውና ሴፍቲውን ወደ ላይ መልሰው።

ቤት ሁለት ሣጥን ይኑርህ። ሽጉጡ በአንዱ፣ ጥይቱ በሌላው፣ ቁልፉ አንገትህ ላይ። ለባለቤትህም አሳያት፣ አንተ በሌለህበት ቢነካ ምን ማድረግ እንዳለባት ትወቅ።

ሥልጠናውን ሲጨርሱልህ የተኮስክበትን ወረቀት እዚህ አሳየን፤ ከ7 ሜትር ርቀት ላይ ስምንቱን በአንድ ሳህን ስፋት ውስጥ ማስገባት እስክትችል ድረስ ወገብህ ላይ አታድርገው።