ማታ በምሥራቅ የሚወጣው ደማቅ ነገር ፕላኔት ነው ወይስ ኮከብ?

ማታ_ንቁ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ጀንበር ጠልቃ ሲጨልም በምሥራቅ በኩል አንድ በጣም ደማቅ ነጭ ነገር ይወጣል። ወደ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና ከበረንዳችን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታናሽ ወንድሜ ሳተላይት ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ቬነስ መስሎኛል፣ ከሁሉም ደማቋ እሷ ናት ሲባል ስለምሰማ። ቴሌስኮፕ የለኝም፣ አንድ የድሮ ባይኖኩላር ብቻ ነው ያለኝ፣ የመንገድ መብራቱም ሰፈሩን ቀን አስመስሎታል። እንዲህ ሆኖ ፕላኔት መለየት ይቻላል? ደግሞ አፕ ጫን ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ፣ በዓይኔ መለየት ነው የፈለግኩት።

አጥቢያ፦
ወንድምህ ተሸንፏል። ሳተላይት በደቂቃዎች ውስጥ ሰማዩን አቋርጦ ይሄዳል እንጂ ሰዓታት ሙሉ አይቆይልህም። አንተም ግን አላሸነፍክም ሃሃ። ቬነስ ከእኛ ይልቅ ለፀሐይ ቅርብ ስለሆነች ከፀሐይ ብዙ አትርቅም፣ ቢበዛ 47 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ወይ ማታ በምዕራብ ወይ ሊነጋ ሲል በምሥራቅ ነው የምታገኛት። አጥቢያ ኮከብ የሚሏትም እሷኑ ነው። ማታ በምሥራቅ ወጥታ እኩለ ሌሊት ላይ አናት የምትደርስ ቬነስ የለችም።

ያንተው ወይ ጁፒተር ነው ወይ ሲሪየስ። ሲሪየስ በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩ ኮከቦች ሁሉ ደማቁ ነው። ትኩር ብለህ እየው። ኮከብ እጅግ ሩቅ ስለሆነ ብርሃኑ የሚመጣው ከአንዲት ነጥብ ነው፣ አየሩ በተናወጠ ቁጥር ያቺ ነጥብ ትርገበገባለች። ፕላኔት ለዓይን ነጥብ ቢመስልም ስፋት አለው፣ አንዱ ጎኑ ሲዋዥቅ ሌላው ያካክሰዋል፣ ለዚህ ነው ብርሃኑ የረጋ የሚሆነው። ሲሪየስ ግን በተለይ ዝቅ ሲል አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሰማያዊ እያለ ያብረቀርቃል። አድማስ አጠገብ ሳለ ብቻ አትፍረድ፣ እዚያ ፕላኔቱም ይርገበገባል። ካልረካህ ደግሞ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ በአንድ መስመር የተደረደሩትን ሦስቱን ኮከቦች ፈልግ፣ መስመሩን በአንድ በኩል ብታስረዝመው ሲሪየስ ላይ ይጥልሃል።

ባለ_ሌንሷ፦
መርገብገቡ ጥሩ ምልክት ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ቦታውን ነው። ፕላኔት እንደ ኮከብ የትም ተበትኖ አይገኝም። ሁሉም ፀሐይን የሚዞሩት በአንድ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ያሉ ያህል ስለሆነ፣ ፀሐይና ጨረቃ ከሚሄዱበት መንገድ ብዙም አይወጡም። ያየኸው ነገር ከዚያ መንገድ በጣም ከራቀ ፕላኔት አይደለም፣ አለቀ።

ጨረቃ በዚህ ላይ ትልቅ ባለውለታ ናት። በየቀኑ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትሸሽ በወር ውስጥ በሁሉም ፕላኔቶች አጠገብ ታልፋለች። ክንድህን ዘርግተህ የጨበጥከው እጅህ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፣ በእሱ ለካ።

ቀለምም ያግዛል። ማርስ ወደ ብርቱካን ያደላል፣ ግን በየ26 ወሩ ገደማ ነው ደመቅ የሚለው፣ በመሀል ፈዞ ሰው ይዘነጋዋል። ሳተርን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው፣ ቀለበቱ በባይኖኩላር አይለይም። ሜርኩሪ ከፀሐይ ከ28 ዲግሪ በላይ ስለማይርቅ አስቸጋሪ ነው። እሱን ስትፈልግ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ባይኖኩላር እንዳታነሳ፣ ዓይንህ ላይ አትቀልድ!

የመንገድ መብራቱ አያሳስብህ። እሱ የሚጋርደው ፈዛዛ ኮከቦችንና ጋላክሲዎችን ነው። በቀጥታ ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ ጥግ ያዝ፣ በቃ።

ዝም_ብዬ_ባይ፦
ቴሌስኮፕ መግዛት ካማረህ ካርቶኑ ላይ «525 እጥፍ ያጎላል» የሚለውን እንዳታምን። የሌንሱ ስፋት 60 ሚሊሜትር ከሆነ ከ120 እጥፍ በላይ የምታየው ብዥታ ነው። አፑንም በጣም አትናቀው፣ ስቴላሪየም ጥሩ ነው፣ ብቻ በረንዳው ብረት አጠገብ የስልኩ ኮምፓስ ይስታል።

ማታ_ንቁ፦
ኧረ ጁፒተር ነው! ምንም አይርገበገብም። ባይኖኩላሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሳየው ከጎኑ ትንንሽ ነጥቦች በአንድ መስመር ተሰልፈዋል፣ ሁለቱ በአንድ ወገን አንዷ በሌላው። ጨረቃዎቹ አራት ናቸው አይደል የሚባለው? አራተኛዋ የት ገባች?

ባለ_ሌንሷ፦
ትልልቆቹ አራት ናቸው፣ ግን ሁልጊዜ አራቱም አይታዩም። አንዷ ከጁፒተር ኋላ ወይም ፊት ለፊቱ ትሆናለች፣ ጥላው ውስጥም ትገባለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ይመስላሉ። ጋሊሊዮም በጥር 1610 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያየው ሦስት ነው፣ አራቱን የለየው ከ6 ቀን በኋላ ነው። አሁን ያየኸውን ወረቀት ላይ ንደፈውና ነገ በዚያው ሰዓት ደግመህ እይ። አዮ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ42 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ዛሬ በግራ ከነበረች ነገ በቀኝ ልታገኛት ትችላለህ። ለወንድምህም አሳየው፣ ሳተላይት ማለቱን በከፊል ታስታርቁታላችሁ፣ ጨረቃም ያው ሳተላይት ናት ሃሃ።