ጳጉሜን 6 ለተወለደ ልጅ ልደቱን በየትኛው ቀን እናክብርለት?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ፣ የአንድ ልጅ እናት

ወንዱ ልጄ የተወለደው ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ስለሆነ በመጪው ጳጉሜን ሦስት ዓመት ይሞላዋል። አንደኛውንና ሁለተኛውን ዓመት ዳቦ ቆርሰን ብቻ አለፍናቸው። ዘንድሮ ግን የጎረቤት ልጅ ሻማ ሲያጠፋ ካየ ወዲህ ያገኘውን ነገር ሁሉ፣ ትናንት የሽሮውን ድስት ሳይቀር፣ «እፍ» እያለ «የእኔስ መቼ ነው?» ማለት ስለጀመረ፣ ከአሥራ አምስት የማይበልጡ ዘመዶች ጠርተን በቤታችን ልናከብርለት አስበናል።

የተቸገርኩት በዚህ ነው። በ2018 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የለችም። ባለቤቴ ሰው ሁሉ ስለሚሰበሰብ መስከረም 1 ይሁን ይላል፤ አማቴ ጳጉሜን 5 ነው ይላሉ፤ ዋሽንግተን የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ቆርጧል። አማቴ ከደብረ ብርሃን መጥተው ቅዳሜ መስከረም 2 ጠዋት ስለሚመለሱ ወደ ሰንበት ልንገፋው አንችልም። በተጨማሪም ጳጉሜንን በፈቃዳቸው የሚጾሙ ስለሆኑ ኬኩ የጾም መሆን አለበት፤ ባለፈው ያለ እንቁላል የሞከርኩት ኬክ ግን ጥሩ ተነፍቶ ከቆየ በኋላ መሐሉ እንደ ጉድጓድ ሰመጠብኝ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ከባሕር ዳር፣ መምህር

በቅድሚያ ልጅዎን እንኳን ለሦስተኛ ዓመቱ አደረሰው እላለሁ። ሦስታችሁም አልተሳሳታችሁም፤ ክርክሩን የፈጠረው አቆጣጠሩ ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ዓመቱ የሉቃስ ነውና፣ 2015 ላይ 5500 ሲደመር 7515 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈልም 3 ይተርፋል። 2018 ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ ጳጉሜን 5 ላይ ታበቃለች፤ የልጅዎ እውነተኛ ቀን ተመልሳ የምትመጣው በ2019 መጨረሻ፣ አራት ዓመት ሲሞላው ነው።

የወንድምዎም ስሌት ከዚሁ የመጣ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነበረ፤ ዘንድሮ ግን ሴፕቴምበር 11 የሚውለው መስከረም 1 ቀን 2019፣ ዓርብ ላይ ነው። ስለዚህ እሱን ከተከተላችሁ ከባለቤትዎ ጋር፣ በወሩ ከቆጠራችሁ ደግሞ ከአማትዎ ጋር ትስማማላችሁ። እኔ ብሆን ጳጉሜን 5ን፣ ማለትም ሐሙስን፣ እመርጣለሁ፤ ልጁ የተወለደው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነውና በየዓመቱ የመጨረሻው ቀን የእሱ ቢሆን ለማስታወስም አይከብድም። ለምዝገባና ለትምህርት ቤት ግን በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቀን ብቻ እንደሚያገለግል አይዘንጉ።

መልስ፦ ከአዳማ

እኔ የተወለድኩት በገና ዕለት ነው። በልጅነቴ ልደቴ አልተረሳም፤ ግን ሁልጊዜ በበዓሉ ውስጥ ተደበላልቆ ያልፍ ነበር። የተገዛልኝ ልብስ የገና ልብስ ነበረ፤ የተቆረሰው ዳቦም የገና ዳቦ ነበረ። እንቁጣጣሽ ዕለት ደጃፋችሁ ላይ የአበባየሆሽ ጨፋሪዎች እየተፈራረቁ፣ ቤቱም በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ፣ የሦስት ዓመት ልጅ ቀኑ የእሱ መሆኑን በምን ያውቃል? እባክዎ ሐሙስን ይምረጡ፤ ባለቤትዎም ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ፣ በቤቷ ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ

ኬክሽ የሰመጠው እንቁላል ስለሌለው አይደለም፤ ቤኪንግ ሶዳው ስለበዛ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ በፍጥነት ይለጠጥና ኬኩ በስሎ ሳይጠና ከፍ ይላል፣ ከዚያ የሚሸከመው ስለሚያጣ ይወድቃል። ከባሕር አቅራቢያ ያሉ ሰዎች የጻፉትን መጠን እንዳለ ብንወስድ የሚደርስብን ይኸው ነው።

እኔ የምሠራበት መጠን ይህ ነው፦ አንድ ተኩል ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ (ብዙዎች አንድ ሙሉ ያደርጋሉ)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ኩባያ ውሃ፣ ሲሶ ኩባያ ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ደረቁን ከደረቁ፣ ፈሳሹን ከፈሳሹ ጋር ለየብቻ አዘጋጅተሽ ኦቨኑ እስከ 190 ዲግሪ ከጋለ በኋላ ብቻ ቀላቅያቸው። አቼቶውና ሶዳው እንደተገናኙ ጋዙ መውጣት ስለሚጀምር ሊጡን አስቀምጠሽ ስልክ ማውራት አይቻልም፤ እኔ አንዴ አውርቼ ያወጣሁት ቂጣ ነው። ለ30 ደቂቃ ያህል ኦቨኑን አትክፈቺ፤ ከዚያ ስንጥር ወግተሽ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ይህ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ስለሚበቃ፣ ለአሥራ አምስት ሰው ሁለት ጊዜ ጋግሪና አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጪ።

ለላዩ የደቀቀ ስኳር በጥቂት የሎሚ ጭማቂ አሽተሽ፣ ቀለም ከፈለግሽ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ጠብ አድርጊበት፤ ሮዝ ይሆናል። ቸኮሌት የምትገዢ ከሆነ የወተት ዱቄት እንዳለበት ማሸጊያውን አንብቢ። መብራት በበዓል ዋዜማ አይታመንምና ረቡዕ ጋግረሽ ከድነሽ ብታሳድሪው ይሻላል፤ ዘይት ስላለው አይደርቅም፣ እንዲያውም በማግስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል።

መልስ፦ ከሐዋሳ፣ የሕፃናት ክፍል ነርስ

ቡና መፈላቱ ስለማይቀር ፈንዲሻ፣ ቆሎና ለውዝ ይቀርባሉ ብዬ አስባለሁ። አራት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች እነዚህን በሚገባ ማላመጥ ስለማይችሉና እየሮጡ ስለሚበሉ በቀላሉ ያንቃቸዋል፤ ደረቅ ከረሜላም እንዲሁ ነው። ሳህኑ ረከቦቱ ሥር ሳይሆን የልጅ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከዚያ የሚያሳስበኝ ፊኛ ነው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ወደ አፍ ከገባ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አየር ሊዘጋ ስለሚችል፣ ፊኛው ከፍ ብሎ ይሰቀል፤ ፍርስራሹም ወዲያው ይለቀም። አራተኛ ፎቅ ስለሆናችሁ አንድ ትልቅ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሰጠው የበረንዳውን በር ብቻ ይጠብቅ።

ከጠያቂዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ የአዳማውን መልስ ሁለት ጊዜ አንብቦ ዝም አለ፤ ስለዚህ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት እንዲሆን ወስነናል። ይሁን እንጂ በዚያ ሰዓት ዋሽንግተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስለሆነ ወንድሜ ሥራ ላይ ነው፤ ሻማውን ምሳ ሰዓቱን ጠብቀን ከምሽቱ 1 ሰዓት እናብራ ይለኛል። ደግሞም አማቴ «ኬኩ ይሁን፣ ዳቦው ግን እንዳይቀር» ብለዋል፤ የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ከጎንደር፣ የሰባት ልጆች አያት

ልጄ፣ ሕፃን ከምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ሻማ አይጠብቅም፤ ያለቅሳል ወይም ይተኛል። በ10 ሰዓት አብሩለት፤ አጎቱ ሲደውል ደግሞ ሌላ ሻማ አብሩና እንደገና ያጥፋ። እሱ እንደሆን ሁለት ጊዜ እፍ ማለቱ ነው የሚያስደስተው።

ዳቦው ይቅደም። ዱቄቱን ረቡዕ ማታ በእርሾ አቡኪው፤ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ጣል አድርጊበት፣ ወተትና ቅቤ አይንካው። ጠዋት በኮባ ቅጠል ጠቅልለሽ ጋግሪው። ኮባው በበዓል ዋዜማ ስለሚወደድ ማክሰኞ ግዢና እርጥብ ጨርቅ አልብሰሽ አቆዪው። እንግዳው ሲሟላ አማትሽ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ በሥላሴ ስም ባርከው ይቁረሱና «እደግ፣ ተመንደግ» ይበሉት፤ ሁሉም «አሜን» ይበል። የመጀመሪያዋን ቁራሽ እሱ ይዞ ለአባቱ ይስጥ። ኬኩ ከዚያ በኋላ ይውጣ፤ ቀድሞ ከታየ ዳቦውን የሚያይ ልጅ የለም።