ሼርድ ሚሞሪ ላይ ፓርቲሽን አልነሳ አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ሩት ከአዳማ፦
አቦ ሰዎች ድረሱልኝ! የአይቢኤም ፓወር 8 ሰርቨር ነው፣ በፓርቲሽን (ለብቻቸው እንደ ሰርቨር በሚሠሩ ክፍሎች) የተከፋፈለ። ሚሞሪ ስለጠበበን ኤችኤምሲው (ሰርቨሩን የምናዝበት ኮንሶል) ላይ ፓርቲሽኖቹ የሚጋሩት 48 ጊጋ ሼርድ ሚሞሪ ፑል ሠራሁ። ለፔጂንግ (ሚሞሪ ሲሞላ ትርፉን ዲስክ ላይ ለማስቀመጥ) ቫዮስ (ዲስክና ኔትወርክ ለሌሎቹ የሚያካፍለው ፓርቲሽን) ላይ ባለ 20 ጊጋ ሎጂካል ቮልዩም (የዲስክ ክፋይ) ሦስት አዘጋጀሁ። ሦስት ኤአይኤክስ (የአይቢኤም ዩኒክስ) ፓርቲሽን አለኝ፣ እያንዳንዱ 20 ጊጋ ሚሞሪ። ሁለቱ ተነሱ። ዳታቤዙ ያለበት ግን «የሚመጥን ፔጂንግ ዲስክ የለም» ይለኛል። ዲስኩ እኮ ነፃ ነው፣ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ! ጠዋት 2 ሰዓት ሠራተኛ ይገባል።

ቀይ ገመድ፦
ቫዮሱን ሪስታርት አድርጊው።

ሩት ከአዳማ፦
ሌሎቹ ሁለቱ በሱ ላይ እየሠሩ? ይዤያቸው ልውደቅ?

ጋሽ ሲስተም፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ሼርድ ሚሞሪ ላይ ፓርቲሽኑ «20 ጊጋ አለኝ» ብሎ ያምናል እንጂ በእጁ የለም። ሃይፐርቫይዘሩ (ሰርቨሩን ለፓርቲሽኖቹ የሚያከፋፍለው ሶፍትዌር) ነው ከፑሉ እየቆነጠረ የሚሰጠው፣ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ። ፑሉ ሲያልቅበት ብዙ ያልተነካውን ገጽ (ፔጅ፣ የሚሞሪ ቁራጭ) በቫዮስ በኩል ዲስክ ላይ ይጽፈዋል። አንቺ 60 ጊጋ ቃል ገብተሽ 48 ነው ያለሽ። ሁሉም ባንዴ ከጠየቁ ዲስኩ ላይ ይወድቃል፣ ዲስክ ደግሞ እንደ ሚሞሪ አይሮጥም። ይህ ነገር በፓወር 6 ዘመን ሲመጣም...

ፍራንኮ ሰፈር፦
ጋሼ፣ ሌክቸሩ ሲያልቅ 2 ሰዓት ሞላ 😂

ቀይ ገመድ፦
እኔ ሪስታርት ብያለሁ።

ፖስታ ቤት ጋ፦
እኔ ግን አልገባኝም። ዳታቤዝ ለምን ሼርድ ውስጥ ይገባል? 16 ሜጋ ትላልቅ ፔጅ እዚያ ላይ አይሠራም። ለዳታቤዙ ዴዲኬትድ (የብቻው) ሚሞሪ ስጪው፣ ትንንሾቹን ፑሉ ውስጥ ተያቸው። ስራ ሲበዛ ሲንቀራፈፍ ማንን ልትከሺ ነው?

ሩት ከአዳማ፦
ወንድሜ፣ ሚሞሪ ቢኖረኝማ እዚህ ምን አመጣኝ? በጀት የለም ተብያለሁ።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ነፋስ ተርባይን ከከተማው ጀርባ ይሽከረከራል፣ መብራት ይጠፋል፤ ሰርቨር አለ፣ ሚሞሪ የለም። አዳማ ናት በቃ። ለማንኛውም፣ የዳታቤዙ ፕሮፋይል (የፓርቲሽኑ ቅንብር) ላይ ማክሲመም ሚሞሪ ስንት ይላል? ዲዛየርዱን (ሲነሳ የሚጠይቀውን) አይደለም።

ሩት ከአዳማ፦
ዲዛየርድ 20። ማክሲመም... 64። የድሮውን ፕሮፋይል ኮፒ አድርጌው ነው። ምን አገናኘው?

ፍራንኮ ሰፈር፦
አገኘነው! ዲስኩ የሚለካው በማክሲመሙ ነው። ኤአይኤክስ ከሆነ ፔጂንግ ዲስኩ ቢያንስ የማክሲመሙን ያህል መሆን አለበት። ሃይፐርቫይዘሩ ከነፃዎቹ ውስጥ የሚበቃውን ራሱ ይመርጣል፤ ባለ 20 ለ64 አይበቃም፣ ስለዚህ «የለም» ይልሻል። የተነሱት ሁለቱ ማክሲመማቸው 20 ሳይሆን አይቀርም።

ሩት ከአዳማ፦
አዎ 20 ነው! እና ዲስኩን ላሳድግ ወይስ ማክሲመሙን ላውርድ?

ፍራንኮ ሰፈር፦
ለዛሬ አውርጂው። ፓርቲሽኑ እንደሆነ ጠፍቷል። ፕሮፋይሉን ኤዲት አድርጊ፣ ማክሲመሙን 20 በዪ፣ ከዚያ አክቲቬት ስትዪ ያንኑ ፕሮፋይል ምረጪ። «ከረንት ኮንፊግሬሽን» (የመጨረሻው ቅንብር) ካልሽው የድሮውን 64 ይዞ ይመጣና እንደገና ታለቅሻለሽ። ማክሲመም ማለት ሳታጠፊ እስከ ስንት መጨመር እንደምትችዪ ነው። ቦታ ስታገኚ ባለ 64 ቮልዩም ሠርተሽ ትመልሺዋለሽ።

ጋሽ ሲስተም፦
ጎበዝ፣ እኔም ወደዚያ እየሄድኩ ነበር። ከተነሳ በኋላ ቪኤምስታትን (የሚሞሪ ሁኔታ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) ከ«ኤች» ጋር አስኪጂና «ኤችፒአይ» የሚለውን ዓምድ (ሃይፐርቫይዘሩ ከዲስክ የመለሳቸውን ገጾች) እዪ። ቁጥሩ ያለማቋረጥ ከመጣ ፑሉ አንሷል ማለት ነው፣ ፖስታ ቤቱ ልጅ ያለው ነገር ይመጣል።

ፖስታ ቤት ጋ፦
ሰው ሰማኝ ማለት ነው፣ ተመስገን።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ሩት፣ ተነሳ?

ሐይቅ ዳር፦
ከሐዋሳ ነኝ፣ በሷ ጥያቄ ልግባ። እኛ ሁለት ቫዮስ አለን። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ፔጂንጉን እንዲይዝ ፈልገን ነበር፣ ሎጂካል ቮልዩም ግን እምቢ አለ። ፋይበር ካርድ (ከማከማቻ ጋር የሚያገናኝ ካርድ) በቀጥታ የተሰጠው ፓርቲሽንም ሼርድ አልሆን አለኝ።

ፍራንኮ ሰፈር፦
ሎጂካል ቮልዩም የአንድ ቫዮስ ብቻ ነው። ሁለቱም የሚያዩት የሳን (በኔትወርክ የሚጋሩት ማከማቻ) ዲስክ ያስፈልግሃል። ካርዱን ደግሞ ከፕሮፋይሉ አውጣው። ሼርድ ሚሞሪ ላይ አይኦው (ዲስኩም ኔትወርኩም) ሁሉ ቨርቹዋል፣ ፕሮሰሰሩም ሼርድ መሆን አለበት።

ቀይ ገመድ፦
ካርዱን ካወጣህ በኋላ ሪስታርት።