ዩቲዩብ ላይቭ ላይ 20 ሰከንድ መዘግየት፦ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ኳስ_በኪቦርድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኳስ ጌም ከአዲስ አበባ በኦቢኤስ (ላይቭ መልቀቂያ ሶፍትዌር) ወደ ዩቲዩብ እለቃለሁ። 720ፒ፣ 30 ፍሬም፣ ቢትሬት (በሰከንድ የምልከው የዳታ መጠን) 3000 ኪሎቢት፤ አፕሎድ ሲለካ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው። ጎል ገብቶ ኳሷ መሃል ሜዳ ተመልሳ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ነው ቻቱ «ጎል!» የሚለው። ወደ አውሮፓ ያለኝ ፒንግ (ዳታ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) 150 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ርቀቱ ነው? ቪፒኤን ይረዳል? ኪፍሬም ኢንተርቫል (ሙሉ ምስል የያዘ ፍሬም በየስንት ሰከንዱ እንደሚላክ) 0 ላይ ነው፣ ኦቢኤስ ላይ ሰርቪሱም ከዝርዝሩ ያልተመረጠ፣ ከስተም ነው።

ቢትሬት፦
ፒንጉን እርሳው ወንድሜ። 150 ሚሊሰከንድ የሰከንድ ሩብ እንኳ አይሞላም። ቪፒኤን ደግሞ ብዙውን ጊዜ መንገዱን ያረዝመዋል።

ጊዜውን የሚበላው ቪዲዮው ዩቲዩብ ከደረሰ በኋላ ያለው ነገር ነው። በየጥራቱ እንደገና ይጨመቃል፣ ሰከንዶች በሚረዝሙ ቁራጮች ይከፋፈላል፣ የተመልካቹ ማጫወቻም የተወሰነ ቁራጭ ሳያጠራቅም አይጀምርም። ቁራጩ 4 ሰከንድ ቢሆንና ማጫወቻው 3 ቢይዝ፣ 12 ሰከንድ እዚያው አለቀ።

መጀመሪያ ዩቲዩብ ላይ ላይቭ ኮንትሮል ሩም ገብተህ፣ ከመጀመርህ በፊት፣ የስትሪም ሌተንሲውን (የመዘግየት ምርጫውን) ከኖርማል ቀይረው። ሎው ለአብዛኛው ተመልካች ከ10 ሰከንድ በታች ያወርደዋል፣ አልትራ ሎው ከ5 በታች። አልትራ ሎው 4ኬ አይቀበልም፤ አንተን አይመለከትህም።

ቀጥሎ ኪፍሬሙ። 0 ማለት «ኢንኮደሩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው) ራሱ ይወስን» ነው። በፕሮሰሰሩ የሚሠራው ኢንኮደር ኤክስ264 እስከ 250 ፍሬም ሊቆይ ይችላል፣ በ30 ፍሬም ከ8 ሰከንድ በላይ ማለት ነው። ቁራጭ የሚጀምረው ደግሞ ኪፍሬም ላይ ስለሆነ አገልጋዩ አጭር ቁራጭ መቁረጥ አይችልም። ኦቢኤስ ሴቲንግስ፣ አውትፑት፣ ሞዱን አድቫንስድ አድርገህ 2 ጻፍበት። ሬት ኮንትሮሉ ሲቢአር (የማይዋዥቅ ቢትሬት) ይሁን።

ገመድ_ይሻላል፦
በአልትራ ሎው ላይ ግን አልስማማም። ተመልካቾችህ በሞባይል ዳታ የሚያዩ ከሆነ ማጫወቻው የሚያጠራቅመው ሲያንስ ኔትወርኩ ትንሽ በተንገራገጨ ቁጥር ምስሉ ቆሞ ይሽከረከራል። ከዚያ 8 ሰከንድ ዘግይቶ ያለማቋረጥ የሚሄድ ይሻላል። ሎው ላይ አቁመው።

አፕሎዱንም በአንድ ልኬት አትመን። ኦቢኤስ ቪዲዮውን የሚልክበት አርቲኤምፒ የሚሄደው የጠፋን ዳታ ደግሞ በሚልከው በቲሲፒ ስለሆነ አንድ ፓኬት ከጠፋ እስኪደገም ድረስ የኋላው ሁሉ ይሰለፋል፤ ዋይፋይ ላይ ይብሳል። ኦቢኤስ ውስጥ ስታትስን ክፈት። «ድሮፕድ ፍሬምስ» ከጨመረ ኔትወርኩ ነው፦ ኬብል ሰካ፣ ቢትሬቱን ወደ 2500 አውርድ። «ስኪፕድ ፍሬምስ» ከጨመረ ግን ኢንተርኔቱ ንጹህ ነው፣ ኢንኮደሩ ነው የደከመው፤ ግራፊክስ ካርድህ ኢንቪዲያ ከሆነ ከኤክስ264 ወደ ኤንቬንክ (የካርዱ የራሱ ኢንኮደር) ቀይር።

በኦቢኤስ ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ ውስጥ «ስትሪም ዲሌይ» (ላይቩን የሚያዘገየው) ምልክት እንዳልተደረገበትም እይ። ተጋጣሚ ላይቩን እያየ እንዳያጠቃቸው ሆን ብለው የሚያበሩት አሉ።

ኳስ_በኪቦርድ፦
ገባኝ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። መቀነሱን በምን ልለካ? ቻቱን ማመን ከባድ ነው።

ቢትሬት፦
ትክክል፣ ቻት ላይ የሰው መተየቢያ ጊዜም አብሮ ይቆጠራል። በኮምፒውተር ቪዲዮው ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና «ስታትስ ፎር ነርድስ» በል፤ «ላይቭ ሌተንሲ» በሰከንድ ያሳይሃል። ትዊች ላይ በማጫወቻው ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ቪዲዮ ስታትስ ውስጥ «ሌተንሲ ቱ ብሮድካስተር» ይባላል። ፖዝ አድርጎ የቀጠለ ሰው ባቆመበት ልክ ወደኋላ ይቀራል፤ «ላይቭ» የሚለውን ይጫን፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም።

ገመድ_ይሻላል፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ ከኮንሶል የምትለቁ ሰዎች የኦቢኤስን ፕሪቪው እያያችሁ አትጫወቱ፣ ከእጃችሁ ወደኋላ ይቀራል። ቲቪውን ከካፕቸር ካርዱ (የኮንሶሉን ምስል ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው) ኤችዲኤምአይ አውት ላይ ሰኩት። መዘግየቱ ከ1 ሰከንድ በታች መሆኑ የግድ ከሆነ ደግሞ እንደ ዲስኮርድ ያለ በዌብአርቲሲ (የቪዲዮ ጥሪ ቴክኖሎጂ) የሚሠራ ነገር ነው የሚያዋጣው፤ ለጥቂት ጓደኛ ይሆናል፣ ለቻናል ግን አይሆንም።