ቪዲዮውን ሳየው ይገባኛል፣ የሒሳብ ምዝገባውን ራሴ ስሠራ ግን እሳሳታለሁ፦ የፋይናንሺያል አካውንቲንግ መግቢያ በኦንላይን

ጥያቄ፦ «አዲስ ጀማሪ»

ሰላም ለሁላችሁም። የመጀመሪያ ዲግሪዬ በምህንድስና ሲሆን አሁን የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ በኦንላይን ጀምሬአለሁ። የመጀመሪያው ኮርስ የፋይናንሺያል አካውንቲንግ መግቢያ ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ስምንት ሳምንት ብቻ ሲሆን እኔ ሦስተኛው ሳምንት ላይ እገኛለሁ።

በተቀዱት ትምህርቶች ላይ መምህሩ ሲያስረዱ የሚያደናግረኝ ነገር የለም። ሀብት ምንጊዜም ከዕዳና ከካፒታል (ከባለቤቶቹ ድርሻ) ድምር ጋር እኩል መሆኑ ግልጽ ነው። ቪዲዮውን ዘግቼ የሳምንቱን ፈተና ስከፍት ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ፈተናውን የሚያርመው ኮምፒውተር ስለሆነ መልሱ ትክክል አለመሆኑን ይነግረኛል እንጂ የት ላይ እንደተሳሳትኩ አይነግረኝም።

ለምሳሌ አንድ ድርጅት የሒሳብ ዘመኑ ሊዘጋ ሦስት ወር ሲቀረው ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የኢንሹራንስ ዋስትና በ12,000 ገዛ ይላል ጥያቄው። የዓመቱ የኢንሹራንስ ወጪ ስንት ነው ሲለኝ ገንዘቡ ከእጁ ስለወጣ 12,000 ብዬ መለስኩ፤ ስህተት ሆነ። ሌላው ደግሞ ዴቢትና ክሬዲት ነው። ባንክ ገንዘብ ሳስገባ ሒሳቤ ክሬዲት እንደተደረገ የሚገልጽ መልእክት ይልክልኛል፤ መጽሐፉ ግን ጥሬ ገንዘብ ሲጨምር ዴቢት ይደረጋል ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ደግሞስ በማስተርስ ደረጃ ለሚማርና የሒሳብ ሠራተኛ የመሆን ሐሳብ ለሌለው ሰው ይህን ሁሉ ምዝገባ ማወቅ የግድ ነው?

መልስ፦ «ሌጀር»

ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመታት አስተምሬዋለሁ፤ የባንኩ ጥያቄ ያልተነሣበት ክፍል አላስታውስም። መነሣቱም ተገቢ ነው፤ መልሱ ከገባዎት ግማሹ መንገድ ያልፋል።

ባንኩ የላከልዎት መልእክት የተጻፈው ከራሱ መዝገብ ነው። እርስዎ ያስገቡት ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ነው፤ በጠየቁት ጊዜ የመመለስ ግዴታ አለበትና። ዕዳ ሲጨምር ክሬዲት ይደረጋል፤ ስለዚህ ባንኩ ሒሳብዎን ክሬዲት አደረገ። በእርስዎ መዝገብ ግን ያው ገንዘብ ሀብት ስለሆነ ዴቢት ይደረጋል። አንድ ድርጊት ከሁለት ወገን ታይቶ በሁለት መዝገብ ተጻፈ እንጂ የሚጋጭ ነገር የለም። ወደፊትም ምዝገባ ከመጀመርዎ በፊት «ይህ መዝገብ የማን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ዴቢት «መቀነስ»፣ ክሬዲት «መጨመር» ማለት እንዳልሆነም ያስተውሉ። ዴቢት የሒሳቡ ግራ ጎን ነው፣ ክሬዲት ደግሞ ቀኝ ጎን፤ በቃ። ሀብትና ወጪ በግራ ሲጨምሩ፣ ዕዳ፣ ካፒታልና ገቢ በቀኝ ይጨምራሉ። ወጪ ከሀብት ጋር በአንድ ጎን መሆኑ የሚያስገርማቸው ተማሪዎች አሉ፤ ምክንያቱ ወጪ ካፒታልን የሚቀንስ መሆኑ ነው፤ ካፒታል በቀኝ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ የሚቀንሰው በግራ ነው። ይህ ድርብ ምዝገባ የቬኒስ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የነበረ ዘዴ ሲሆን፣ ሉካ ፓቾሊ የተባለው መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1494 ባሳተመው የሒሳብ (የማቲማቲክስ) መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር ገልጾታል። ፓቾሊ ፈጠረው የሚሉ አሉ፤ እሱ ግን በሥራ ላይ የነበረውን ነው የጻፈው።

ወደ ኢንሹራንሱ ልመለስ። ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ድርጅቱ ያጣው ነገር የለም፤ 12,000 ጥሬ ገንዘብ ሰጥቶ የአሥራ ሁለት ወር ዋስትና ተቀበለ። ስለዚህ «ቅድሚያ የተከፈለ ኢንሹራንስ» የሚለው ሀብት በ12,000 ዴቢት፣ ጥሬ ገንዘብ በ12,000 ክሬዲት ይደረጋል። መዝገቡ ሲዘጋ ሦስት ወር አልፏል፤ በወር 1,000 ሲታሰብ የኢንሹራንስ ወጪ 3,000 ዴቢት፣ ቅድሚያ የተከፈለው ሒሳብ 3,000 ክሬዲት ይሆናል። የቀረው 9,000 ወደሚቀጥለው ዓመት የሚሸጋገር ሀብት ነው። ወጪ የሚመዘገበው ጥቅሙ ላለቀበት ዘመን እንጂ ገንዘቡ ለተከፈለበት ቀን አይደለም። መዝገቡ ሲዘጋ የሚደረጉት የማስተካከያ ምዝገባዎች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝም ሆነ አገልግሎት ሳይሰጥ የተቀበሉት ገንዘብ በዚሁ መንገድ ይታሰባል።

መልስ፦ «የማታ ተማሪ»

ይህንኑ ኮርስ ባለፈው ሴሚስተር ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እየተማርኩ ጨርሻለሁ። የእርስዎ ችግር የእኔም ችግር ስለነበር የረዳኝን ልንገርዎ።

በክፍል የሚማር ሰው መምህሩ በድንገት ሊጠይቀው ስለሚችል ሳይወድ በግዱ ያስባል። በቪዲዮ ግን መምህሩ ራሳቸው ይጠይቃሉ፣ ራሳቸው ይመልሳሉ፤ እኛ ደግሞ አካሄዳቸውን መከተላችንን እንደ ማወቅ እንቆጥረዋለን። እኔ መጀመሪያ ላይ ጊዜ ለመቆጠብ ፍጥነቱን ጨምሬ ነበር የማየው። በኋላ ግን መምህሩ የድርጊቱን መግለጫ አንብበው ምዝገባውን ሊጽፉ ሲሉ ቪዲዮውን አቁሜ፣ በወረቀት ላይ ቲ አካውንት (የሒሳቡን ግራና ቀኝ ጎን የሚለይ የT ቅርጽ) ሠርቼ፣ የራሴን መልስ ከጻፍኩ በኋላ ብቻ መልሼ ማጫወት ጀመርኩ። የአርባ ደቂቃው ትምህርት ሁለት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ ሆኖም ፈተናው ላይ ስደርስ አዲስ የሚሆንብኝ ነገር አልነበረም።

መልሱን ወዲያው የሚሞላ የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ባይጠቀሙ እመክራለሁ፤ ቢያንስ እስከ አምስተኛው ሳምንት ድረስ በእጅዎ ይጻፉ። ኮምፒውተሩ ሲደምርልዎ ቁጥሩ ከየትኛው ሒሳብ ተነሥቶ ወደየትኛው እንደሄደ ልብ አይሉትም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትራያል ባላንስ (የሒሳቦች ሁሉ የግራና የቀኝ ድምር እኩል መሆኑ የሚታይበት ዝርዝር) አልመጣጠን ብሎ ሌሊቱን ስፈልግ ያደርኩበት ጊዜ አለ። በግራና በቀኝ ድምር መካከል ያለው ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ ሁለት አኃዞችን አቀያይረው ጽፈው ሊሆን ይችላል፤ 5,400ን 4,500 ብሎ የጻፈ ሰው የ900 ልዩነት ያገኛል። ለ9 የማይካፈል ከሆነ ደግሞ ልዩነቱን ለሁለት አካፍለው ያንን ቁጥር ይፈልጉት፤ በግራ መግባት ሲገባው በቀኝ የገባ ቁጥር ልዩነቱን እጥፍ ያደርገዋልና። ይህን ባውቅ ኖሮ ያን ሌሊት እተኛ ነበር።

መልስ፦ «ከፋይናንስ ክፍል»

ከላይ ለተሰጡት ማብራሪያዎች አክብሮት አለኝ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። በማስተርስ ደረጃ ያለ ተማሪ መግለጫዎችን አንብቦ መወሰን እንጂ መመዝገብ አይጠበቅበትም። ምዝገባውን ሶፍትዌር ይሠራዋል። ስምንት ሳምንት አጭር ጊዜ ነው፤ ጠያቂው ጉልበታቸውን በትርፍና ኪሳራ መግለጫው፣ በባላንስ ሺቱ (ሀብትን፣ ዕዳንና ካፒታልን በሚያሳየው መግለጫ) እና በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው ላይ ቢያውሉት ይሻላል። በአሜሪካ አክሲዮናቸው ለሕዝብ የሚሸጥ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት ኤድጋር በሚባለው የመንግሥት የመረጃ ቋት ላይ በነፃ ይገኛል፤ በየሳምንቱ አንድ ሪፖርት ማንበብ ከመቶ የዴቢትና ክሬዲት መልመጃ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

መልስ፦ «ሌጀር»

ሪፖርት የማንበቡን ምክር እኔም እደግፋለሁ፤ ተማሪዎቼንም አስነብባቸው ነበር። ምዝገባውን ሳያውቁ ማንበብ ይቻላል በሚለው ላይ ግን አንድ የታወቀ ጉዳይ ላንሣ።

ወርልድኮም የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 ከ3.8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሆን ወጪ ያለአግባብ መዝግቦ መቆየቱን ይፋ አደረገ። ሌሎች ኩባንያዎች ለዘረጉት መስመር የሚከፈለው ኪራይ በዚያው ዘመን ወጪ ተብሎ ዴቢት መደረግ ሲገባው፣ የኩባንያው ቋሚ ሀብት ተብሎ ዴቢት ተደርጎ ነበር። ሁለቱም ዴቢት ናቸው፤ ስለዚህ የግራና የቀኙ ድምር እኩል ይመጣል፣ ትራያል ባላንሱም ምንም አያሳይም። ውጤቱ ግን ሰፊ ነው፤ ወጪው ከዘመኑ ትርፍ ላይ ሳይቀነስ ሀብት ሆኖ ይቀመጣል፣ ትርፉ ያብጣል፣ ከሥራ የተገኘው የጥሬ ገንዘብ ፍሰትም አብሮ ያብጣል፤ ምክንያቱም ክፍያው ከዕለት ተዕለት ሥራ ወጥቶ ወደ ኢንቨስትመንት ክፍል ይሻገራል። መግለጫዎቹን ብቻ የሚያነብ ሰው ትርፋማ ኩባንያ ነው የሚታየው። «ቋሚ ሀብቱ ለምን እንዲህ አደገ? ሌላኛው ጎኑ ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምዝገባው በአእምሮው ያለ ሰው ያስፈልጋል። ነገሩን ያወጡት የኩባንያው የውስጥ ኦዲተሮች ነበሩ።

ስለዚህ አምስትና ስድስት መቶ መልመጃ ይሠሩ አልልም። ሠላሳ ያህል ድርጊቶችን ግን ከጆርናል (ድርጊቶች በመጀመሪያ ከሚጻፉበት መዝገብ) ጀምረው እስከ ሦስቱ መግለጫዎች ድረስ ያለ ማንም እርዳታ ያድርሱ። ከዚያ በኋላ የሚያነቡት ሪፖርት ሌላ ይሆንልዎታል።

ጥያቄው የቀጠለ፦ «አዲስ ጀማሪ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቪዲዮውን እያቆምኩ በወረቀት መሥራት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፤ ለውጡ ይታየኛል። አሁን የተቸገርኩት በጥሬ ገንዘብ ፍሰት ነው። የተጣራ ትርፍ 40,000፣ የእርጅና ቅናሽ 12,000፤ ተሰብሳቢ ሒሳብ (ደንበኞች ገና ያልከፈሉት) በ15,000 ጨምሯል፣ ተከፋይ ሒሳብ (ድርጅቱ ገና ያልከፈለው) በ5,000 ጨምሯል። ከሥራ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ ስንት ነው? እኔ 32,000 አገኘሁ። የእርጅና ቅናሹ የሚደመረውም ድርጅቱ ማሽኑን ለመተካት ያጠራቀመው ገንዘብ ስለሆነ ነው ብዬ ተረድቻለሁ፤ ልክ ነኝ?

መልስ፦ «የኦዲት ባለሙያ»

በመጀመሪያ ስለ እርጅና ቅናሹ ልናገር፤ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች እንኳን ይህን ይስታሉ። የእርጅና ቅናሽ የንብረቱ ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ተከፋፍሎ የሚያዝ ወጪ እንጂ የተጠራቀመ ገንዘብ አይደለም። በ60,000 የተገዛ ማሽን አምስት ዓመት ካገለገለና በመጨረሻ ዋጋ የማይኖረው ከሆነ በየዓመቱ 12,000 ወጪ ይያዝለታል። ምዝገባው የእርጅና ቅናሽ ወጪ ዴቢት፣ የተጠራቀመ የእርጅና ቅናሽ ክሬዲት ነው። በሁለቱም ጎን ጥሬ ገንዘብ የለም። «የተጠራቀመ» የሚለው ቃል ነው የሚያሳስተው፤ የተጠራቀመው እስካሁን የተያዘው ቅናሽ ነው። ገንዘቡ የወጣው ማሽኑ በተገዛ ቀን ነው። የምንደምረውም ትርፉን ሲቀንስ ገንዘብ ስላላስወጣ ብቻ ነው።

ወደ ስሌቱ ስንመጣ፣ ተሰብሳቢው መጨመሩ የሸጡትን ያህል አልሰበሰቡም ማለት ስለሆነ 15,000 ይቀነሳል። ተከፋዩ መጨመሩ ግን ወጪ ተብሎ ከተያዘው 5,000 ገና አልተከፈለም ማለት ነው፤ ስለዚህ ይደመራል። 40,000 ላይ 12,000 ተደምሮ፣ 15,000 ተቀንሶ፣ 5,000 ሲደመር 42,000 ይሆናል።

ካላመኑ በቀጥታው መንገድ ያረጋግጡ። ሽያጩ 200,000፣ ከእርጅና ቅናሽ ሌላ ያሉት ወጪዎች 148,000 ነበሩ እንበል፤ ትርፉ 40,000 ይመጣል። ከሽያጩ ውስጥ 15,000 ስላልተሰበሰበ በእጅ የገባው 185,000 ነው። ከወጪዎቹ 5,000 ስላልተከፈለ የወጣው 143,000 ነው። ልዩነቱ ያው 42,000 ነው።

ሌላ ማረጋገጥ ያለብዎት ነገር ቪዲዮውና መጽሐፉ በአንድ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ (ስታንዳርድ) የሚሠሩ መሆን አለመሆናቸውን ነው። በኦንላይን ኮርስ አንዱ የአሜሪካውን ጋፕ፣ ሌላው ዓለም አቀፉን አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ሊከተል ይችላል። በተለይ የዕቃ ክምችት ላይ ይጠንቀቁ፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል የሚለው የላይፎ ስሌት በአሜሪካ ይፈቀዳል፣ በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ግን የተከለከለ ነው። አሥር ዕቃ በ50፣ ቀጥሎ አሥር በ70 ተገዝቶ አሥሩ ቢሸጥ፣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ በፊፎ (መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይወጣል በሚለው) 500፣ በላይፎ 700 ነው። የፈተናው መልስ የትኛውን እንደሚጠብቅ ከኮርሱ መግለጫ ላይ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ከ«አዲስ ጀማሪ»

የተሳሳትኩበትን አገኘሁት፤ ተከፋዩን እንደ ተሰብሳቢው ቀንሼው ኖሯል፤ ልዩነቱም 10,000፣ የ5,000 እጥፍ ሆኖ ወጣ፤ «የማታ ተማሪ» እንዳሉት በተሳሳተ ጎን የገባ ቁጥር ማለት ነው። የኮርሱን መግለጫም አየሁት፤ መጽሐፋችን በአይ.ኤፍ.አር.ኤስ. ነው፣ የአራተኛው ሳምንት ቪዲዮ ግን በጋፕ የተዘጋጀ ነው። ፈተናው በየትኛው እንደሚታረም ለመምህሩ ጽፌላቸዋለሁ።